«ሌ ዲያቦሊክ» እንቆቅልሽ አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተውን ጽሑፍ እኔ ዘንድ ያደረሰችው ታላቅ እህቴ ናት። «ይኸው፣ ያንተን ፊልም አፈር ድሜ አበሉት» ብላ ላከችልኝ። የተጻፈው ስለ «ሌ ዲያቦሊክ» ነው፤ ፈረንሳዊው ዳይሬክተር አንሪ ዦርዥ ክሉዞ በ1955 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ስላቀረበው ጥቁርና ነጭ ልብ አንጠልጣይ ፊልም። ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ሰይጣናዊዎቹ» እንደ ማለት ነው።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ፊልሙን በቅጡ አይተውታል፤ አማርኛቸው ያምራል፤ የሚሉትንም ከልባቸው ነው የሚሉት። እንዲህ ባይሆን ምላሽ ለመጻፍ አልቀመጥም ነበር። ነገር ግን በዋናው ጉዳይ ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ጽሑፋቸውን አንብቦ ፊልሙን ሳያይ የሚቀር ሰው ይኖራል ብዬም አዝናለሁ።

መጀመሪያ የእርሳቸውን ሐሳብ ሳላጎድል ላስቀምጥ። እንደ ጸሐፊው አባባል ፊልሙ ያለው ነገር መጨረሻው ብቻ ነው፤ መልሱ የታወቀ እንቆቅልሽ ተመልሶ እንደማይጠየቅ ሁሉ፣ መጨረሻውን ያወቀ ሰው ፊልሙን የሚያይበት ምክንያት የለውም። ለዚህ ማስረጃ የሚያደርጉት፣ ፊልሙ ሲያልቅ ተመልካቹን «ለሌላ አትንገሩ» ብሎ መማጠኑን ነው፤ በራሱ የሚተማመን ሥራ እንዲህ አይለምንም ይላሉ። ደግሞም ፊልሙ በልብ አንጠልጣይ ፊልሞቹ የታወቀው የዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ጥላ ነው፤ ሐያስያን ያገነኑት ፈረንሳይኛ ስለሚናገር ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ይንቀራፈፋል። ሴራው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ የተወሳሰበ ወንጀል አያቅድም። በመጨረሻም ፊልሙ ሴት ይጠላል፤ አንዷን አልቃሻ፣ ሌላዋን እባብ ከማድረግ ያለፈ ነገር አልሠራም ብለው ይደመድማሉ።

ስመልስ ቅደም ተከተላቸውን አልጠብቅም። አንዳንዱን ክስ ምስጢሩን ሳላወጣ መመለስ እችላለሁና ከእሱ ልጀምር። ምስጢሩን ማውጣት ግድ የሚሆንበት ቦታ ስደርስ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ከፓሪስ ብዙም ያልራቀ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ርእሰ መምህሩ ሚሼል ደላሳል ጨካኝና ስስታም ነው። ገንዘቡም ትምህርት ቤቱም የሚስቱ የክሪስቲና ነው፤ እሷ ግን የልብ ሕመምተኛ፣ ሃይማኖተኛና ፈሪ ሴት ናት። እዚያው የምታስተምረው ኒኮል ውሽማው ናት። ፊልሙ ሲጀምር ኒኮል በቡጢ የተመታ ዓይኗን በጥቁር መነጽር ሸፍናለች። ሚስትና ውሽማ ይህን ሰው ለመግደል ይተባበራሉ። በትምህርት ቤቱ የዕረፍት ቀናት ኒዮር ወደሚባል ከተማ፣ ወደ ኒኮል ቤት እንዲመጣ ያደርጉታል፤ ማስተኛ መድኃኒት ያለበት ውስኪ ያጠጡታል፤ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይደፍቁታል። ሬሳውን በትልቅ የቅርጫት ሳጥን አድርገው በመኪና ይመልሱትና ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለው የቆሸሸ መዋኛ ይጥሉታል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሬሳው አይንሳፈፍም። መዋኛው እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ሬሳ የለም። ሲሞት ለብሶት የነበረው ሙሉ ልብስ ከላውንደሪ ታጥቦና ተተኩሶ ይመጣል።

ወደ ሂችኮክ ጉዳይ ልግባ። ጸሐፊው ለቅጂነቱ ምስክር የጠሩት የሂችኮክን ፊልም «ሳይኮ»ን ነው፤ ያም ጥቁርና ነጭ ነው፣ እዚያም የመታጠቢያ ቤት አስፈሪ ትዕይንት አለ። መመሳሰሉ እውነት ነው። ግን «ሳይኮ» የወጣው በ1960 ነው፤ ከክሉዞ ፊልም አምስት ዓመት በኋላ። ልጅ አባቱን አይወልድም። ፊልሙ የተወሰደው ፒየር ቧሎና ቶማ ናርስዣክ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1952 ካሳተሙት ልብ ወለድ ነው። እነዚሁ ደራስያን በ1954 ያወጡትን ሌላ ልብ ወለድ ሂችኮክ ራሱ ወስዶ በ1958 «ቨርቲጎ»ን ሠራበት። ክሉዞ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ተመልካች እንዳይገባ የሲኒማ ቤቱን በር ያስዘጋ ነበር፤ ሂችኮክም ለ«ሳይኮ» ያንኑ አደረገ። ዕዳ ካለ እንግዲህ ባለዕዳው ማን እንደሆነ ዘመኑ ይናገራል።

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። ሂችኮክ ከዚያ በፊት ለሠላሳ ዓመት ያህል ፊልም ሲሠራ ኖሯል፤ ተመልካችን ማስጨነቅ እንዴት እንደሆነ ክሉዞም ከእሱ ሳይማር አልቀረም። ሆኖም ሁለቱ የሚያስፈሩበት መንገድ ለየቅል ነው። በ«ሳይኮ» መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚጮኸው የሙዚቃ ደራሲው የበርናርድ ኸርማን ቫዮሊን ነው። ክሉዞ ግን ሙዚቃውን ከመግቢያውና ከመዝጊያው በቀር አውጥቶ ጥሎታል። ሁለት ሰዓት ገደማ የምንሰማው የውኃ ድምፅ፣ የኮቴ ድምፅ፣ የበር ድምፅ ነው። ኒዮር ውስጥ መታጠቢያ ገንዳው ሲሞላ ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ተከራዮች የሬዲዮ ጥያቄና መልስ እያዳመጡ ነው፤ የቧንቧው ጩኸት ፕሮግራማቸውን ስለረበሸባቸው ይነጫነጫሉ። ታች ሰው እየተገደለ ነው፤ ላይ ያሉት የሚያማርሩት ስለ ውኃው ነው። ይህን ከማንም አልቀዳውም።

ፈረንሳይኛ ስለሚናገር ተወደደ የሚለው ደግሞ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ክሉዞን ፈረንሳይ አላቀማጠለችውም። በጀርመን ወረራ ዘመን በ1943 «ሌ ኮርቦ»ን በጀርመኖች ሥር ለነበረ ኩባንያ በመሥራቱ፣ አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ፊልም እንዳይሠራ ታግዶ ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ «ካዬ ዱ ሲኔማ» በተባለው የፊልም መጽሔት ላይ የሚጽፉት ወጣት ሐያስያን፣ በኋላ «አዲሱ ማዕበል» የተባሉት፣ ሂችኮክን ሰማይ ሲሰቅሉ የክሉዞን ዓይነት ሥራ ያረጀ ብለው ይንቁት ነበር። ማለት፣ የያኔዎቹ ወጣት ፈረንሳውያን የዛሬው ጸሐፊ የሚሉትን ነበር የሚሉት። ፊልሙ የሉዊ ደሉክ የተባለውን የፈረንሳይ ፊልም ሽልማት ያገኘው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። ባሕር ማዶ የኒውዮርክ ፊልም ሐያስያን ማኅበር በ1955 ምርጥ የውጭ ቋንቋ ፊልም ብሎ ሲሸልመው፣ ሽልማቱን የተካፈለው ከቪቶሪዮ ደ ሲካ «ኡምቤርቶ ዲ» ጋር ነበር። ያ የአንድ ደኻ ጡረተኛና የውሻው ታሪክ ነው፤ ተንኮል የሚባል ነገር በዞረበት አልዞረም። ያንን የሚያደንቅ ዓይን ይህንንም ያደነቀው በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ብቻ ተታልሎ ነው ማለት ይከብደኛል።

ይንቀራፈፋል ስለተባለው ብዙ አልልም። የዘመኑን ፊልም ፍጥነት ለለመደ ሰው የመጀመሪያው ሰዓት ቀስ ይላል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ፊልሙ ሲከፈት የትምህርት ቤቱ መኪና ጎማ ኩሬ ውስጥ ያለችን የወረቀት ጀልባ ሲጨፈልቅ ካየሁ ጀምሮ ዓይኔን አንሥቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ልመናው። ፊልሙ ሲያበቃ የሚወጣው ጽሑፍ ባማርኛ እንዲህ ይሆናል፦ ሰይጣን አትሁኑ፤ ጓደኞቻችሁ ከዚህ ፊልም ሊያገኙ የሚችሉትን ደስታ አታጥፉባቸው፤ ያያችሁትን አትንገሯቸው፤ በእነሱ ስም እናመሰግናለን። ጸሐፊው ይህን የፍርሃት ምልክት አድርገው አነበቡት። እኔ የማነበው እንደ አደራ ነው። ሠርግ ቤት ገብቶ የወጣ እንግዳ ገና በር ላይ ለቆመው «ዛሬ ወጡ ዶሮ ነው» ብሎ ቢነግረው ዶሮው አይበላሽም፤ የተበላሸው የዚያ ሰው መጀመሪያ ሳህኑን የሚያይባት ቅጽበት ናት። ያቺን ቅጽበት ለባለቤቷ ተዉለት ማለት ወጡ አይጣፍጥም ማለት አይደለም።

ደግሞ የጸሐፊውን ሐሳብ መፈተን የሚቻልበት መንገድ አለ። ፊልሙ የሚቆመው በተንኮሉ ብቻ ከሆነ፣ ያንኑ ተንኮል ወስዶ በሌሎች ተዋንያን የሠራው ሰው ያንኑ ውጤት ማግኘት ነበረበት። ተሞክሯል። በ1996 ሆሊውድ ሻሮን ስቶንንና ኢዛቤል አጃኒን ይዞ እንደገና ሠራው፤ ገንዘብ ነበረ፣ ቀለም ነበረ፣ ዝነኛ ፊት ነበረ። ፍጻሜውን ቢለውጥም ዋናውን ሴራ ይዞታል። ሐያስያን አልተቀበሉትም፤ ዛሬ የሚያስታውሰውም ጥቂት ሰው ነው። ሴራው አንድ ከሆነና አንደኛው ሲኖር ሌላው ከሞተ፣ ያኖረው ነገር ሴራው አይደለም።

ፊልሙን ያላያችሁ አንባቢዎች፣ እዚህ ላይ አቁሙ። ከዚህ በታች ምስጢሩን አወጣለሁ፤ ሳላወጣው ዋናውን ክስ መመለስ አልችልም። አይታችሁት ተመለሱ፤ ጽሑፉ የትም አይሄድም።

ሚሼል አልሞተም። ሚሼልና ኒኮል መጀመሪያም አልተጣሉም። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ የተደፈቀው ሰውዬ በቁሙ ነበር፤ ያ ሁሉ የተደረገው የክሪስቲናን የታመመ ልብ በፍርሃት ለማቆም ነው። በመጨረሻው ሌሊት ክሪስቲና ከመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ባሏ ዓይኑ ነጭ ሆኖ ሲነሣ ታያለች፤ ወድቃም ትሞታለች። እሱ ዓይኑ ላይ የለጠፈውን ያወልቃል፤ ኒኮል ትመጣለች፤ ይተቃቀፋሉ።

ጸሐፊው እንግዲህ ይህን ያወቀ ሰው ፊልሙን ጨርሷል ይላሉ። እንቆቅልሽ ነው የሚሉትም ለዚህ ነው። በልጅነታችን «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብለን፣ ካቃተን አገር ሰጥተን መልሱን እንሰማ ነበር። መልሱ ከተሰማ በኋላ ያ እንቆቅልሽ ለሌላ ሰው ካልሆነ ለኛ አይረባም። እስማማለሁ። ግን እኛ ከእንቆቅልሽ ሌላ ቅኔም አለን። የቅኔ ተማሪ ወርቁን ካገኘ በኋላ ቅኔውን አይጥለውም፤ እንደገና ከላይ ጀምሮ ይለዋል፤ ሰሙ ውስጥ ወርቁ የት የት ተሸሽጎ እንደነበረ እያየ ይደነቃል። ወርቁ ሲታወቅ ሰሙም ከፊተኛው ይልቅ ይጣፍጣል። «ሌ ዲያቦሊክ» የዚህ ወገን ነው። ለዚህ የማቀርበው ማስረጃ የገዛ ቤቴን ነው።

ባለፈው ዓመት ከእህቴ ጋር ሆነን አየነው። እሷ የመጀመሪያዋ ነው፤ እኔ ስንተኛዬ እንደሆነ ረስቻለሁ። ቡና አፍልታ ነበር። አቦሉን ጠጣን፤ ጀበናውን መልሳ ከጣደች በኋላ የኒዮሩ ትዕይንት መጣ። ሚሼል ተቀምጧል፤ ክሪስቲና መድኃኒት ያለበትን ውስኪ አቅርባለታለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆውን ሊያነሣ ሲል ልታስቀረው ትሞክራለች፤ በጥፊ ይመታታል። ከዚያ ዝም ትላለች፤ እሱም ይጠጣል። እህቴ «ይበለው!» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው። ቶናው ሳይቀዳ ጀበናው ገነፈለ፤ ያነሣው ሰው የለም።

ፊልሙ ሲያልቅ እህቴ ለጥቂት ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ «እንግዲያው ያ ጥፊ…» ብላ አቋረጠችና «እስቲ ከኒዮር ጀምረህ መልስልኝ» አለችኝ። በዚያው ሌሊት፣ መጨረሻውን ካወቀች አሥር ደቂቃ ሳይሞላት፣ እንደገና አየነው። እና ያን ጊዜ ሁለታችንም ያየነው ሌላ ፊልም ነበር። በመጀመሪያው ፊልም አንዲት ምስኪን ሴት ጨካኝ ባሏን ልትገድል ትንቀጠቀጣለች፤ ጥፊው ትክክለኛ አደረጋት ብለን ደስ ይለናል። በሁለተኛው ፊልም ግን ሰውየው የሚጠጣውን ያውቃል። ሚስቱ ልትምረው እንደሆነ ሲያይ የሚመታት እንዳትምረው ነው። ከክፉ ሥራ የምትመለስበት አንድ ቀጭን በር ተከፍቶላት ነበር፤ በጥፊ የዘጋባት እሱ ነው። እህቴ ሁለተኛ ጊዜ ስታየው «ይበለው» አላለችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ልታድነው ነበር እኮ» አለች።

ይህን ትዕይንት መጨረሻውን ያላወቀ ሰው ሊያየው አይችልም። በዓይኑ ፊት ቢሆንም አይታየውም። ስለዚህ መጨረሻው ፊልሙን አይጨርሰውም፤ ይከፍተዋል። ኒኮልንም እንዲሁ ተመልከቱ። ሲሞን ሲኞሬ የምትጫወታት ኒኮል በመጀመሪያው እይታ ጠንካራዋ እህት ናት፤ ክሪስቲና ስትደክም የምትደግፋት፣ የምታረጋጋት፣ አንዳንዴም የምትቆጣት። በሁለተኛው ግን ያ ድጋፍ ሁሉ በግ ወደ ማረጃ የሚነዳ እረኛ ድጋፍ ነው። ሲኞሬ ሁለቱንም ኒኮሎች በአንድ ፊት ነው የተጫወተችው፤ አንዲት ቦታ እንኳ ለተመልካች አትጠቅስም፣ ዓይኗን ሰብራ «እኔን ተጠንቀቂ» አትልም። ይህን ትወና ምስጢሩን ሳያውቁ ማድነቅ ራሱ አይቻልም።

ፍርሃቱም ይለወጣል። መጀመሪያ ሬሳው እንዳይገኝ እንጨነቃለን፤ ሳይገኝ ሲቀር ደግሞ የባሰ እንፈራለን። የሞተ ሰው ልብሱን ላውንደሪ ልኳል፤ አንድ ተማሪ «የቀጡኝ ርእሰ መምህሩ ናቸው» ይላል፤ የትምህርት ቤቱ ፎቶግራፍ ላይ ከመስኮት ጀርባ ፊት ይታያል። በሁለተኛው እይታ እነዚህ ሁሉ ተራ በተራ የሚሰጡ የመርዝ ጠብታዎች ናቸው። ለልብ ሕመምተኛ የተመጠነ መርዝ። አስደንጋጭ የነበረው ነገር አሁን የሚያሳዝን ይሆናል፤ ለእኔ ደግሞ ከድንጋጤው ኀዘኑ ይበልጣል።

ወደ ቀዳዳዎቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ከሁሉ የበረቱበት ነውና። ለምን ዝም ብሎ አልፈታትም? ይላሉ። መልሱ ፊልሙ ውስጥ አለ፤ ንብረቱ የእሷ ነው። ቢፈታት ባዶ እጁን ይወጣል፤ ብትሞት ይወርሳል። ለምን በቀላሉ አልገደላትም? ሲሉ ደግሞ፣ የተመረዘ ሰው ሬሳው ይመሰክራል፤ ከደረጃ የተገፋ ሰው ሰበራው ይመሰክራል። ልቧ እንደታመመ ሐኪም የሚያውቃት ሴት በድንጋጤ ብትሞት ግን ሬሳዋ የሚናገረው ነገር የለም። ሴራው የተወሳሰበው ደራሲው መወሳሰብ ስለወደደ አይደለም፤ አሻራ የማይተው መሣሪያ ፍርሃት ብቻ ስለሆነ ነው። ክሪስቲና ራሷን ነፍሰ ገዳይ አድርጋ ስለምታስብ ደግሞ ፖሊስ ጋ ሄዳ «አስፈራሩኝ» ልትል አትችልም። የገዛ ጥፋቷን የአፏ ልጓም አድርገውባታል። ይህን ያቀደ ሰው ክፉ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም።

ሁሉም ቀዳዳ ይደፈናል አልልም። ላዩ ላይ ከባድ ሐውልት ተጭኖበት ውኃ ውስጥ የቆየ ሰው ትንፋሹን እንዴት እንደያዘ ጸሐፊው ሲጠይቁ ልክ ናቸው፤ እኔም መልስ የለኝም። ከዚህ የከፋ እንኳ አለ፤ እርሳቸው አልጠቀሱትም እንጂ። ሻርል ቫኔል የሚጫወተው ጡረታ የወጣው መርማሪ ፊሼ ነገሩን እየተጠጋው ነበር። ክሪስቲና ሁሉን ተናዝዛለታለች። ታዲያ በዚያ ሌሊት እሷን ብቻዋን ትቶ፣ ከሞተች በኋላ ገዳዮቹ ሲተቃቀፉ ብቅ ብሎ ጠበቃው እንደበረታ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ዓመት ይፈረድባችኋል ማለቱ ምን ይባላል? አንድ ደቂቃ ቀደም ቢል ምን ነበረበት? እዚህ ቦታ ፊልሙ ለድራማው ሲል ሰውዬውን አዘግይቶታል፤ ይህን ያህል የማደንቀው ሥራ ላይ ይህ ነገር ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል። ግን እነዚህ ሁለቱ የመጨረሻው ማሠሪያ ላይ ያሉ ክፍተቶች ናቸው። ክሪስቲና ፊት ላይ የምናየው ፍርሃት ከእነሱ ጋር አይፈርስም። ሰው ሲፈራ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ በዚህ በኩል ቀዳዳ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ሴት ይጠላል የሚለው ክስ ከሁሉ ይበልጥ ቅር ያሰኘኝ ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልግም እሱ ነው። ጸሐፊው አንዲት ተንኮለኛና አንዲት ተበዳይ ሴት ማየታቸው ትክክል ነው። ግን ልብ ወለዱ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። እዚያ ባልና ሐኪም የሆነች ውሽማው ሚስቱን ይደፍቃሉ፤ በኋላ ግን ሚስትና ውሽማ ተመሳጥረው ባሉን እንዳሳበዱት ይገለጣል። ማለት፣ የሁለት ሴቶች ሴራ በአንድ ወንድ ላይ። ሴት መጥላት ያማረው ዳይሬክተር ከዚያ የተሻለ የተሰናዳ ማዕድ አያገኝም ነበር። ክሉዞ ግን ገለበጠው። ሕሊና ያለባትን፣ የምትጸጸተዋን፣ ተመልካች ልቡን የሚሰጣትን ሰው ሴት አደረጋት።

«አልቃሻ» ያሏት ክሪስቲናን የተጫወተችው የዳይሬክተሩ ባለቤት ቬራ ክሉዞ ናት፤ ብራዚል የተወለደች፣ በሕይወቷ ሦስት ፊልም ብቻ፣ ሦስቱንም ከባሏ ጋር የሠራች። በ1960 በአርባ ስድስት ዓመቷ በልብ ድካም ሞተች። ይህን የማነሣው ትወናዋን ለማስወደድ አይደለም። ልቧን በእጇ ደግፋ ደረጃ ስትወጣ ያየ ሰው ግን ያንን «ልቅሶ» ብሎ ለማለፍ ይከብደዋል ብዬ አስባለሁ።

እስቲ የምግብ አዳራሹን ትዕይንት እንመልከት። ስስታሙ ሚሼል የገዛው ዓሣ ሸቷል። ልጆቹ አይበሉትም፤ ክሪስቲናም አልወርድ ብሏታል። ሚሼል በሙሉ አዳራሽ ፊት «ዋጪ!» ይላታል። እሷ ጉንጯ ሞልቶ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ተቀምጣለች። ልጆቹ ያያሉ። በዚያው ማዕድ ሌሎች ወንድ መምህራን አሉ፤ አንዱን ያኔ ገና ጀማሪ የነበረው ሚሼል ሴሮ ነው የሚጫወተው። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን ማንም አፉን አይከፍትም። ካሜራው ከዚያች ሴት ፊት ዞር ብሎ እፎይ አያሰኘንም፤ ትውጣለች። ሴት የሚጠላ ፊልም በዚህ ትዕይንት በሚሼል ጎን ይቆም ነበር፤ ቢያንስ ያስቀን ነበር። ይህ ግን እኛንም ከዝምተኞቹ መምህራን ጋር አስቀምጦ ያሳፍረናል። ስለ ሚሼል ጸሐፊው የተናገሩት ቢኖር እደግፋቸው ነበር፤ ፖል ሙሪስ ጥሩ ተዋናይ ቢሆንም ሰውየው ከጭካኔ በቀር ሌላ መልክ አልተሰጠውም። ክሪስቲና ግን ሙሉ ሰው ናት።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር «የመጨረሻ ቀልድ» ብለው ያለፉት። ገዳዮቹ ተይዘው፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ፣ ልጆቹ ሲበተኑ፣ ሞዋኔ የተባለው ተማሪ በወንጭፉ እንደገና መስኮት ይሰብራል። ወንጭፉን ከየት አመጣህ? ሲሉት «ወይዘሮ ክሪስቲና መለሱልኝ፤ አየኋቸው» ይላል። ሞታለች እኮ። ውሸታም ተብሎ ጥግ ሄዶ እንዲቆም ይታዘዛል። ፊልሙ ያበቃል።

እንቆቅልሽ መልሱን ሰጥቶ ያበቃል። ይህ ግን አዲስ ጥያቄ ሰጥቶን ነው የሚያበቃው፤ እሱንም ያስቀመጠው ማንም በማያምነው ልጅ አፍ ነው። ይህ ልጅ ከዚህ በፊትም አንድ ነገር ብሎ ነበር። ርእሰ መምህሩ ሞቷል በተባለበት ሰሞን «ርእሰ መምህሩን አይቻቸዋለሁ፤ የቀጡኝም እሳቸው ናቸው» ብሎ ነበር። ያኔም ያመነው አዋቂ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ግን እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ነበር።

እህቴ በሁለተኛው ጊዜ እዚህ ስንደርስ ወደ እኔ ዞራ «አሁንስ እውነቱን ከሆነ?» አለችኝ። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።